ወይራ የታጠነው ሸክላ

ከሰማሻቸው ሸክላዎች አንዱን ምረጪ ብባል ጊዜ አይፈጅብኝም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመምረጥ ግን አንድ ሳምንት ይሰጠኝ እላለሁ፤ ከግብፅ የመጣችውን ዘፋኝ ከማሲንቆው ሰውዬ ማስቀደም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ለዘፈን ነው ወይ የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ለዘፈን ነው። ለሌላው ነገርማ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል።

ሸክላዎቹን የሰማኋቸው በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ ውስጥ፣ በአንድ ነጋዴ ግቢ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የነበረንን መሬት ለአጎቴ ትታ እኔን ይዛ ከተማ ገባች። የምታውቀው ሥራ ፈትል ነበር። ክሯ ቀጭንና ወጥ ስለነበር ሸማኔዎች ይሻሙባታል። ነጋዴው፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ የጓሮ ክፍላቸውን ሰጡን። ሱቁ ከፊት ነው፣ እልፍኛቸው ከመሐል፣ እኛ ከኋላ። በእኛና በእልፍኙ መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አብረውኝ የሚቀመጡት ጥርሳቸው ገና ያልተቀየረ ልጆች ነበሩ። ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ስል፣

«እማማ መጡ! ወንበር ልቀቁላቸው!» ይላሉ።

 በፈተና ግን ማንንም አላስቀድምም። ክፍል እየዘለልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አምስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ ያኔ ነው ሐጂ የጠሩኝ። ዐረብኛ እንደ ውሃ ያነባሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማሩም። ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ማመልከቻ ነበራቸው።

«ጸሐፊዋ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «እኔ የምልሽን ጻፊ። የማልልሽን አትጻፊ።»

ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ እሳቸው ሁለት ጊዜ ያሉትን አንድ ጊዜ አድርጌው ነበር፤ ያዙኝ። ያኔ ወደድኳቸው። እንደኔው ነገር የማያልፉ ሰው ነበሩ።

ለጽሕፈቱ የተዋዋልነው በዘፈን ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ሱቁ እስኪከፈት ድረስ፣ ከሳጥናቸው አንድ ሸክላ እመርጣለሁ፤ እሳቸው ግራሞፎኑን ያጠነጥናሉ፣ መርፌ ይቀይራሉ፣ ያስቀምጡልኛል። ሸክላ የሚያዘው በጠርዙ ነው፣ ፊቱን ጣት አይነካውም። ይህን ሕግ ከተማርኩ ከሦስት ወር በኋላ እኔው እንዳስቀምጥ ፈቀዱልኝ።

እናቴ ደስ አላላትም።

«በዓርብ ቀን ዘፈን!» ትላለች እንዝርቷን እያሾረች። «ሆድሽን ታስጾሚያለሽ፣ ጆሮሽን አታስጾሚውም?»

«ሐጂ እኮ በሌላ ቀን ጊዜ የላቸውም እማ።»

«ሐጂማ ምን አለባቸው፣ የእሳቸው ጾም ሌላ ነው። ያንቺን ነው የምልሽ።»

በሁዳዴ ግን ዝር አልልም ነበር። በረመዳን ደግሞ እሳቸው ሳጥኑን አይከፍቱም። ሁለቱ ጾሞች በተከታተሉበት ዓመት ሦስት ወር ያህል ምንም ሳልሰማ ቀረሁ፤ የቀረኝ ደብተሬ ብቻ ነበር።

ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ሃያ ሦስት ሸክላ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። ሸክላዎቹ ላይ የተጻፈውን ወይ ማንበብ አልችልም፣ ወይ ባነበውም አይገባኝም፤ ስለዚህ ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። እንዴት ይጀምራል፣ የትኛው መሣሪያ ይቀድማል፣ የት ላይ ይንቋቋል፣ ሁሉም አለ። የማሲንቆው ሰውዬ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሳይጀምር ጉሮሮውን ይጠርጋል።» እውነትም ይጠርጋል። ሐጂ «ሳሉም አብሮ ነው የመጣልኝ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ ግን ያንን ጉሮሮ መጥረግ ከዘፈኑ እኩል እወደዋለሁ፤ ሰውዬው ከሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ የቆመ ያስመስለዋል።

የግብፅዋ ዘፋኝ አንድ ዘፈኗ በአንድ ፊት አያልቅም። ልቤ ተንጠልጥሎ ሳለ ፊቱ ያልቃል። ገልብጬ እስካስቀምጥ ድረስ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ከህንድ የመጣው ደግሞ ወንድና ሴት የሚመላለሱበት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስጨርስም፣ እንደ ጎረቤታሞች ክርክር ነው፣ ግን ጣፋጭ ክርክር። ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት ቤት የተገኘ አንድም ነበር። አንድ ሰውዬ ብቻውን ይጮሃል፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጮሃል። የሐጂ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ በሰሙት ቁጥር፣

«ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» ይላሉ።

«አገራችን ናታ የጠፋችበት» ይመልሳሉ ሐጂ።

ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልጻፍኩም። መጻፍ ነበረብኝ።

ከውጭ አገር የመጣ የሳይንስ አስተማሪያችን ለሐጂ የሰጣቸው ትንሽ ሸክላም ነበር፤ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ስለነበረው በካርቶን ሞልተን ነበር የምናጫውተው። ዘፋኟ ትንሽ ልጅ ናት፣ ቸኩላለች፣ ማን እንደሚያባርራት እንጃ። አንድ ዓመት ሙሉ «የምትሮጠዋ ልጅ» እያልኩ ጻፍኩባት። በኋላ አስተማሪው በባትሪ የሚሠራ የራሱን ማጫወቻ ይዞ መጥቶ ሲያስቀምጠው፣ ልጅቷ ጎርናና ድምፅ ያለው ጎልማሳ ሆና አረፈችው። ግራሞፎኑ አፍጥኖት ነው እንጂ ሰውዬውስ አልቸኮለም። ገጹን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ስሕተት ተጽፎ አይቀመጥም።

የእትዬ ሸክላ አንድ ብቻ ነው። እትዬ የመተማ ልጅ ናቸው። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ከጥሎሻቸው ጋር በልብስ መሐል ጠቅልለው ያመጡት የሱዳን ዘፈን ነው፤ አንድ ዑድ፣ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ከኋላ ጭብጨባ። ከመሐሉ ላይ ዘፋኙ ዝም ይላል፣ ዑዱ ብቻውን ይሄዳል፣ ከዚያ ድምፁ ይመለሳል። ይህን ሸክላ መምረጥ አልደፍርም ነበር። የሚመርጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ሲጫወት ሥራ አይሠሩም።

በእኛ ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ የሚዘፍን ሸክላ ግን አንድም አልነበረም። ይህን አንድ ቀን ለእናቴ ነገርኳት።

«ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። «እኛ በአፋችን እንለው የለ።»

የሐጂ ታላቅ ሴት ልጅ ሠርግ ሲቃረብ የእልፍኙ ግድግዳ እንደገና ሊመረግ ሆነ። ዕቃ ሁሉ ወጣ። ሐጂ የሸክላውን ሳጥን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ክፍላችን ደጃፍ አመጡት።

«ቤቱ ሕፃን ሞልቶታል» አሉኝ። «አንቺን ነው የማምን። ሙሽራዋ ስትወጣ የእናቷ ሸክላ ይጫወታል፤ ከዚያ ይዛው ትሄዳለች። እናቷ ይዛው እንደመጣች ማለት ነው። ይሄ አደራ ነው፣ ጸሐፊዋ።»

አደራ ሲሉ እናቴም ሰማች። ለእናቴ የሰው አደራ ከራስ ዕቃ ይከብዳል።

በማግሥቱ ፈተና ነበረኝ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ እናቴ ሳጥኑን ከፈተችው፤ አይጥ አይጥ ሸተታት። የሰው ዕቃ፣ ያውም ለሠርግ የሚወጣ፣ እንዲህ እየሸተተ አይመለስም ብላ አሰበች። እሷ ያደገችው ከብት መሐል ነው። ሽታ የያዘ ዕቃ ምን እንደሚደረግ ከእናቷ ተምራለች፤ የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል፣ ወተቱም አይበላሽም። ሸክላዎቹን ከከረጢታቸው እያወጣች አንድ በአንድ በቅርጫት ደረደረቻቸው። በጠርዛቸው ነው የያዘችው፤ እኔ ስይዝ አይታ ይሆናል። ገል ላይ ፍም አድርጋ ወይራ ጨመረች፣ ቅርጫቱን ከላይ አስቀመጠች፣ ጋቢ ደረበችበት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸክላዎቹ ተመልሰው ሳጥን ገብተዋል። ክፍሉ ወይራ ወይራ ይላል።

«በይ አሽትቺው» አለችኝ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «አሁን ይሰጣል።»

አንድ በአንድ አወጣሁ። ሃያ ሁለቱ ጤነኞች ነበሩ፤ የወተት ቅል ከመሽተታቸው በቀር። ለፍሙ የቀረበው አንዱ እንደ ሳሕን ጎድጉዷል። መሐሉን ሳየው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ የእትዬ ነው።

እናቴ ፊቴን ታያለች። «ምነው?»

«ምንም። ጥሩ ነው እማ።»

በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ጥቂት ውሸቶች ይህኛው ትክክል ይሁን ስሕተት እስካሁን አልወሰንኩም።

እንዳልነግራት ያደረገኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እናቴ በዚያ ግቢ የምትኖረው በፈትሏና በታማኝነቷ ነው። የተሰጣትን አበላሽታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ሸክላ በማበላሸት ከዚያ እልፍኝ ብባረር የሚቀርብኝን አውቀዋለሁ። እትዬ የሚቀርባቸውን ግን ማሰብ አልቻልኩም።

ያየሁትን ብልሃት ሁሉ ሞከርኩ። በቀትር ፀሐይ ላይ አስጥቼ ለስለስ ሲል በሁለት ሳንቃ መሐል አደረግኩት፤ ከላይ የአባቴን የብራና ዳዊት፣ ከዳዊቱ በላይ የወፍጮውን መጅ።

«ዳዊት ምን አደረገሽ?» አለች እናቴ።

«ሳንቃው እንዲቃና ነው። ትምህርት ቤት ታዘን ነው።»

«ዳዊት ሰው ያቃናል ሲባል ነው የማውቀው» ብላ ተወችኝ።

በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ጉድጓዱ ሄዷል፤ በምትኩ ከአንድ ጎኑ ወደ መሐሉ የሚሮጥ እጥፋት ቀርቷል። ሲጫወት አይታወቅም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግራሞፎኑ ግን ሐጂ ዘንድ ነው፣ ቀድሜ ልፈትነው አልችልም።

ለእትዬ ልነግር ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንደኛው ቀን እጃቸው ሂና ተቀብቶ በጨርቅ ታስሯል፣ ዙሪያቸውን ሴቶች ሞልተዋል። ሁለተኛው ቀን ከልጃቸው ጋር ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ሦስተኛው ቀን ሐጂን በር ላይ አገኘኋቸው።

«ሐጂ፣ ስለ አንዱ ሸክላ...»

«ዓርብ፣ ዓርብ። ከሠርጉ በኋላ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። አሁን ልብ የለኝም» ብለውኝ አለፉ።

የሠርጉ ዕለት ግቢው ውስጥ ሁለት ዳስ ተጥሏል። በአንዱ እስላሞቹ፣ በሌላው ክርስቲያኖቹ፤ የክርስቲያኑ በሬ በክርስቲያን እጅ ታርዶ ለብቻው ተሠርቷል። እናቴ ከክርስቲያኖቹ ዳስ ጥግ፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። ግራሞፎኑ በሁለቱ ዳሶች መሐል፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ እኔ ነኝ። የማሲንቆው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰው ሳቀ። ህንዶቹ ተከራከሩ። 

ሙሽራዋ ከእልፍኙ ስትወጣ እትዬ ከኋላዋ ሆነው በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

በዚያች ደቂቃ ሌላ ሸክላ ማስቀመጥ እችል ነበር። ተሰበረ ማለትም እችል ነበር። የእሳቸውን አስቀመጥኩ።

ዑዱ ጀመረ። ድምፁ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። መርፌው ከእጥፋቱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። ከእስላሞቹ ዳስ አንድ ሽማግሌ፣

«ይሄ ዘፋኝ ግመል ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚዘፍን?» አሉ።

ሁለቱም ዳስ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም።

ዘፋኙ ዝም ብሎ ዑዱ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ሲደርስ መርፌው ዘለለ። ተመለሰ። እንደገና ዘለለ። አንዲት ምት ብቻ እየደጋገመ እንደ ቀጥቃጭ መዶሻ ሲመታኝ ጊዜ አነሣሁት። ዝም አለ። ሙሽራዋ አንድ እግሯን ከደጃፉ አውጥታ ሌላውን ሳታወጣ ቆመች። ሙሽራ ደጃፍ ላይ አትቆምም፤ ሁሉም ያውቃል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ያኔ ከክርስቲያኖቹ ዳስ ጥግ ጭብጨባ ተሰማ። የሸክላው ጭብጨባ ነው፣ ልክ በዚያው አካሄድ። ቀጥሎ ድምፅ፤ ቃል የለውም። እናቴ ናት።

የማውቃትን እናቴን ልንገራችሁ፤ በሰው ፊት ቀና ብላ የማታወራ፣ በዓርብ ዘፈን የምትቆጣኝ። እነዚያን ዓርቦች ሁሉ ከግድግዳው ወዲያ እንዝርቷን ይዛ ስትሰማ ነበር ማለት ነው። ጭብጨባው ትክክል ነው። የተነሣችበት ድምፅ ትክክል ነው። የምትለው ግን ሸክላው ላይ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ዑድ ብቻ ነው ያለው። ጎዶሎውን የሞላችበት፣ ዘንገና አፋፍ ላይ ሣር ስናጭድ ሴቶቹ የሚቀባበሉት የአገው ዜማ ነው። እዚያ ስፍራ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ቀና ስል እትዬ እያዩኝ ነው።

የሁለቱም ዳስ ሴቶች ጭብጨባውን ተቀበሏት። ሙሽራዋ ሁለተኛ እግሯን አወጣች። እልልታው መጣ። እኔም ከእጥፋቱ አሻግሬ መርፌውን አስቀመጥኩት፣ የሱዳኑ ድምፅ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ።

ሙሽራዋን የሚሸኙት ርቀው ሲሄዱ እትዬ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ሸክላውን በጠርዙ አንሥተው ወደ ብርሃን ዘንበል አደረጉት፤ ከዚያ አሸተቱት።

«ይሄ ነገር ወተት ወተት ይለኛል» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። እሳት ዳር...»

«አይደለችም» አለች እናቴ፣ ከኋላዬ መጥታ ኖሯል። «ወይራ ያጠንኩልዎ እኔ ነኝ። አይጥ ሸንቶበት ነበር።» አሁንም ኩራት አለባት። «ወይራ እንኳን ዘፈን፣ ወተትም አያበላሽ።»

እትዬ ሸክላውን በቀስታ ወደ እሷ አዞሩት። እናቴ እጥፋቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ዳዊቱን፣ መጁን፣ ሳንቃውን አንድ በአንድ ስታስታውስ ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችና ወደ ጓሮ ሄደች።

እትዬም ሸክላውን ይዘው ገቡ። ለሙሽራዋ በምትኩ የግብፅዋን ላኩላት።

የሚቀጥለው ዓርብ አልተጠራሁም። እናቴ ወደ ፊተኛው ግቢ መውጣት ተወች፤ ውሃ እንኳ በጓሮ በር እየዞረች ነበር የምትቀዳ። ማታ ማታ «ነግረሽኝ ቢሆን» ትላለች። ምን ታደርጊ ነበር ስላት እንዝርቷን ታሾራለች።  ኢንጅባራ ያለች እህቷ ጋ ስለመሄድ ማውራት ጀመረች። እኔ ደግሞ ኢንጅባራ ምን ትምህርት ቤት እንዳለ ማጠያየቅ ጀመርኩ። ደብተሩን ገልጬ የእትዬን ሸክላ ገጽ አወጣሁ፤ «ዑዱ ብቻውን ይሄዳል» የሚለውን ልሰርዝ ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

በሁለተኛው ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ሐጂ ግራሞፎኑን ከነጡሩምባው ታቅፈው በሩን በጎን ሊያልፉ ይታገላሉ። ከኋላቸው እትዬ፣ ሸክላቸውን በሁለት መዳፋቸው ይዘው። ወደዚያች ክፍል ከገባን ጀምሮ አንዳቸውም ረግጠዋት አያውቁም።

እናቴ ከመደቡ ተነሥታ ቆመች። «እትዬ፣ ምን ብዬ...»

«ተቀመጪ» አሉ እትዬ። «ልጄ ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሎኛል። ዘፈኔን ላስቀምጥ ብል እስከ መንገዱ እኩሌታ ያደርሰኝና ይጥለኛል።»

«ያበላሸሁብዎ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሙዪው።» ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ። «ያ የምትዪው ነገር እዚያ ላይ የለም።»

እናቴ መሬት መሬት አየች። «የለም። በግድግዳ የሚሰማው ይቆራረጥብኛል። የጎደለውን ከቤቴ አመጣሁ።»

«የለም» አሉ እትዬ ለራሳቸው ያህል። «ግን ይገባል።»

ሐጂ አጠነጠኑ። «ጸሐፊዋ» አሉ ወደኔ ሳያዩ፣ «መርፌውን ያዥ። በጠርዙ።» መርፌ ጠርዝ እንደሌለው ያውቃሉ፤ ታርቀናል ማለታቸው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ያንኑ ዘፈን ያለ አንድ እንከን አዲስ አበባ ውስጥ አገኘሁት። ገዛሁት። ጥሩ ነው። ዑዱ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ላይ ምንም አይጎድልም፣ ደብተሬም ትክክል ነበር። ከምመርጣቸው ከሦስቱ ግን አንዱ አይደለም።

የመጀመሪያው የእትዬው ነው። መርፌው ወደ እጥፋቱ ሲቃረብ ጣቴን ከክንዱ ሥር አዘጋጃለሁ፤ እትዬ ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ እናቴ እንዝርቷን ከጥጡ ጎን ታስቀምጣለች፣ ዓርብ መሆኑን እያወቀች።